ጀሪካኑ ከቀመሩ ይቅደም

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል የሚለው ቁጥር እዚህ ሪያድ ባሉ ወገኖቻችን ቤት ሁሉ ሲነገር ሰነበተ። ልጆቹም ቁጥሩን ያውቁታል። ለመሆኑ አንድ ሜትር ኩብ ምን ያህል ነው? ተብለው ሲጠየቁ ግን «ርዝመት ሲባዛ በወርድ፣ ሲባዛ በከፍታ» ይሉና ዝም ይላሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ተሞልቶ ቢገለበጥ አንድ ሜትር ኩብ እንደሚሆን የነገራቸው የለም። ቀመሩ አላቸው፤ ነገሩ ግን የላቸውም።

በተማሪዎች ማኅበር ገጽ ላይ ስለ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ተራ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ንድፈ ሐሳብን ከተግባር የነጠለው ሽምደዳ፣ ሁላችንም በየጊዜው የምናማርረው፣ ሥሩን የሚሰድደው እዚያው ነው።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንዳንዶቻችን በማንፉሐ ሰፈር ለሚኖሩ ወገኖች ልጆች ሒሳብ እናስጠናለን። ልጁ በቤቱ አማርኛ፣ በመንገድ ላይ ዐረብኛ ይናገራል፤ የያዘው መጽሐፍ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው። ዐረቦቹ «ሐጅም» ይሉታል፣ መጽሐፉ «ቮልዩም» ይለዋል። ለአብዛኞቹ ልጆች ቮልዩም ማለት የቴሌቪዥን ድምፅ መጨመሪያ ነው። (በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ በቤታቸው ቃሉ የሚነሳው ለዚያ ብቻ ነውና።) የሚገርመው ግን ከሦስቱ ቃላት ሁሉ ነገሩን ገልጦ የሚናገረው የእኛው «ይዘት» መሆኑ ነው። «ያዘ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። እናቱ «ይህ እንስራ ስንት ጣሳ ይይዛል?» ብላ ስትጠይቅ የሰማ ልጅ ትምህርቱን በግማሽ ጨርሶታል። ታዲያ መጀመር ያለብን ከዚህ ጥያቄ ነው እንጂ ከሦስት የላቲን ፊደላት አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከካርቶን በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ክዳን የሌለው ሣጥን ይሠራ፤ ውስጡ በላስቲክ ይሸፈን። አንድ ሊትር ውሃ ከጠርሙስ ቢገለበጥበት ልክ አፉ ድረስ ይሞላል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ የሚያሰሙት ጩኸት ለጎረቤት አይመችም። ቀጥሎ አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ የሆኑ ትናንሽ የካርቶን ኩቦች በአንድ ረድፍ 10 ይደርደሩ። አሥር ረድፍ ወለሉን ይሸፍናል፣ 100 ሆነ። እንዲህ ያለ ንጣፍ አሥር ቢነባበር 1,000 ነው። ያን ጊዜ ቀመሩን መምህሩ መናገር አያስፈልገውም፤ ልጁ ራሱ ይለዋል። ወለሉ የሚይዘውን ቆጥሮ በንጣፎቹ ቁጥር ማባዛት ማለት ነው።

ይህን የተረዳ ልጅ ሲሊንደር አያስፈራውም። ወለሉ ክብ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ወርዱ 10፣ ከፍታው 13 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ እንውሰድ። የወለሉ ሬድየስ 5 ነው፤ 3.14 በ25፣ በ13 ሲባዛ 1,020 ሳንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። ልጁ ካሰላ በኋላ አንድ ሊትር ውሃ ይገልብጥበትና አፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይየው። ኮኑን በተመለከተ፣ አገር ቤት ቆሎ የሚሸጥበትን ጥቅል ወረቀት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አፉና ከፍታው ከቆርቆሮው ጋር እኩል የሆነ ጥቅል ይሠራና በአሸዋ ተሞልቶ ይገልበጥ፤ ቆርቆሮው በሦስተኛው ይሞላል። የጎጆ ቤትም ቢሆን ሲሊንደር ላይ የተደፋ ኮን ነው።

«ፈተናው የሚጠይቀው ቀመሩን ነው፤ ለጨዋታ ጊዜ የለም» የሚሉ ወላጆች አሉ። ልጃቸው እንዳይወድቅ ይሰጋሉ፣ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የተሸመደደ ቀመር በፈተናው ማግስት ይጠፋል፤ ፈተናውም ቢሆን ሚሊ ሜትርንና ሳንቲ ሜትርን ቀላቅሎ ሲያቀርብ የሚወድቀው ሸምዳጁ ነው።

ሕክምና የምንማር ሰዎች ደግሞ ጉዳዩን በሌላ ዓይን እናየዋለን። አንድ ሚሊ ሊትር ማለት አንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ነው። «አንድ ማንኪያ ስጪው» የተባለች እናት 5 ሚሊ ሊትር በሚይዘው የሻይ ማንኪያ ፈንታ 15 የሚይዘውን የሾርባ ማንኪያ ብታነሳ፣ ሕፃኑ ሦስት እጥፍ መድኃኒት ዋጠ ማለት ነው። ዲያሜትሩ እጥፍ የሆነ እብጠትም ይዘቱ ስምንት እጥፍ እንደሆነ ያልገባው ሰው፣ «ትንሽ ነው የጨመረው» እያለ ይዘገያል።

ከሁሉ በላይ ግን የተቅማጥ ሕመም አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ ድንበር ላይ በነበረ የቤንጋል ስደተኞች መጠለያ፣ በኮሌራ ለተያዙ ሰዎች የስኳርና የጨው ውሁድ በቤተሰቦቻቸው እጅ በኩባያ እንዲጠጡ አደረጉ፤ ከመቶ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 4 ገደማ ወረደ። ዛሬ በአገራችን «ለምለም» በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው ነው። የፓኬቱ ዱቄት የተመጠነው ለአንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ከዚያ ባነሰ ውሃ ቢበጠበጥ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳል፣ በበዛ ውሃ ቢበጠበጥ ደግሞ ይቀጥንና ኃይል ያጣል። ሊትሩ በቤቷ ካለው ዕቃ የቱ ጋ እንደሚደርስ ማወቅ ያለባት ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን፣ ሌሊት ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር የተቀመጠችው እናት ወይም ታላቅ እኅት ናት። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይህን ለይታ ልታውቅ ትችላለች።

ስለዚህ ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ሐሳብ እንዲያይ እጠይቃለሁ። የሚያስፈልገው ጥቂት ካርቶን፣ መቀስ፣ ላስቲክ፣ ሙጫ፣ አንድ የመድኃኒት መለኪያ ስኒና አንድ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ነው። ወጪው ከአንድ የሻይ ግብዣ አይበልጥም፤ አሸዋ ደግሞ ሪያድ አልቸገራትም። ለማስጠናት ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ በሚቀጥለው ዓርብ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ይዞ ይምጣ።