ጉባኤው ደብረ ታቦር፣ አልጋው ባሕር ዳር?

የጉባኤ ገበያ ሲነሳ የብዙው ባለሀብት ዓይን የሚያርፈው አዲስ አበባ ላይ ነው። አፍሪካ አዳራሽም ሆነ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ያሉት እዚያው ነው። ሆኖም የምሁራን ስብሰባ የዋና ከተማ ርስት ሆኖ አልቀረም። በ1951 ዓ.ም. ሮም ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በ2005 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መቐለ ላይ ተካሂዷል። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ጉባኤ ይኖራል። ጉባኤ ባለበትም አልጋ፣ ምግብና መኪና የሚያቀርብ ነጋዴ ያስፈልጋል።

ደብረ ታቦርም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ባለ ዩኒቨርሲቲ ከተማ ነች። ጥያቄው እንግዳ ሲመጣ ብሩ የት ይቀራል የሚለው ነው። ለምሳሌ 150 ሰው ለ3 ሌሊት ቢመጣ 450 አዳር ይሆናል። ቁርስና እራት ሲታከልበት 900 ገበታ ነው። እንግዳው ባሕር ዳር እያደረ የሚመላለስ ከሆነ ግን ለደብረ ታቦር የሚቀራት ምሳና ሻይ ብቻ ነው። አዘጋጁም በየቀኑ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የደርሶ መልስ ነዳጅ ይከፍላል። ሁለቱም ከሳሪዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት መፍትሔውን ትልቅ አዳራሽ አድርገው ማየታቸው ነው። አዳራሽ በዓመት ጥቂት ቀን ሠርቶ የቀረውን ጊዜ ወለድ እየቆጠረ ይቀመጣል። ስብሰባውን በግቢው ማስተናገድ የዩኒቨርሲቲው ፋንታ ነው። የነጋዴው ፋንታ ንጹሕ አልጋ፣ ሙቅ ውኃና ጄኔሬተር ነው። አልጋ ጉባኤ ባይኖርም ከወረታ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ የሚያልፈውን መንገደኛ ያስተናግዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አሥር አነስተኛ ሆቴሎች ዋጋቸውን አስማምተው፣ ያላቸውን የአልጋ ብዛት በአንድ ዝርዝር ላይ ቢያሰፍሩ አንድ ትልቅ ሆቴል የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ። ደላላውም አልጋ ለማግኘት በየበሩ ከመዞር ይድናል።

ሁለተኛው ጉድለት የመረጃ ነው። እንግዳ ከመነሳቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነገር በአንድ ገጽ ወረቀት ያልቃል። የአውሮፕላን ተጓዥ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ወርዶ ከባሕር ዳር ወደ 100፣ ከጎንደር ደግሞ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና እንደሚጓዝ ይነገረው። ከተማዋ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይበርዳልና ሹራብ ይያዝ። የጾም ቀን ምን እንደሚበላ፣ የባጃጅና የሚኒባስ ዋጋ ስንት እንደሆነ ይጻፍለት። ጥር 25 ቀን የሚከበረው መርቆሬዎስ በፈረስ ጉግሱ ብዙ ሕዝብ ይስባል። በዚያ ሰሞን ጉባኤ የሚጠራ አዘጋጅ አልጋ አስቀድሞ ካልያዘ ይቸገራል።

የሚታይ ነገርም አልጠፋም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ጋፋት ከከተማው አጠገብ ነው። ከወረታ በሚመጣው መንገድ በኩል አውራ አምባ አለ። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። እንግዳው ለእነዚህ አንድ ቀን ቢጨምር አዳሩ ከ450 ወደ 600 ያድጋል። የደጋው ድንችና ገብስ፣ የፎገራ ሩዝ፣ የፋርጣ በግ በዚያው ገበታ ላይ ይሸጣሉ። ይህ ትርፍ እስከ ገበሬው የሚደርስ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ሰላም አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ተጠግቶ ነበር። በክልሉ በተነሳው ግጭት ሳቢያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ግጭቱ መንገድንና ንግድን ክፉኛ ጎድቷል። ስለዚህ የመረጃ ወረቀቱ የመንገዱን ሁኔታ ሳይደብቅ መናገር አለበት። «ሁሉ ሰላም ነው» ተብሎ መጥቶ መንገድ ላይ የቀረ እንግዳ ዳግመኛ አይመጣም፤ ወዳጁንም ያስቀራል። አደጋው ካለ ጉባኤውን ማስተላለፍ ከኪሳራ ሁሉ ይቀላል።

በዚህ የተነሳ ባለሀብቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። በብድር ፎቅ የሚጀመርበት ጊዜ ባይሆንም፣ ያለውን ክፍል ማደስ፣ ዋጋን መጻፍና ከጎረቤት ሆቴል ጋር መስማማት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መንገዱ ሲረጋጋ ጉባኤው የሚሄደው አልጋውን ቆጥሮና ዋጋውን ጽፎ ወደሚጠብቀው ከተማ ነው። ደብረ ታቦር ዝርዝሯን ዛሬ ካላዘጋጀች ያን ጊዜም ጉባኤው የእሷ፣ አዳሩ የባሕር ዳር ይሆናል።