ሁለት ጎማ፣ አንድ ሐይቅ፣ ስንት አጥር?

እኛ የጉርድ ሾላ ልጆች ነን። ስሙ እንደሚናገረው ሰፈራችን የተሰየመው በተቆረጠ ዛፍ ነው። ዛፉን አልደረስንበትም፤ የደረሰን ‹‹ጉርድ›› የሚለው ቃል ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን መንግሥት መሥሪያ ቤት በሄድን ቁጥር ‹‹አራት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ኑ›› እየተባልን እናስታውሰዋለን። ዛሬ ግን ልናወራ የመጣነው ስለ ሌላ መጎረድ ነው፤ ስለ መንገድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አራት ሆነን በሁለት ሞተር ከሰፈር ወጣን። አንደኛው ሞተር ከአጎት የተወረሰ ሲሆን ሁለተኛው በዕቁብ ብር የተገዛ ነበር። ሐሳባችን ላንጋኖ ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት አድረን እሑድ ከመምሸቱ በፊት መመለስ ነው። ከአዲስ አበባ ላንጋኖ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና ላለው ሰው የሁለት ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ለእኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ‹‹አንድ ቀን እንሄዳለን›› የሚባልበት አገር ነበር።

በጎሮ በኩል ቱሉ ዲምቱ ወጥተን፣ ዱከምንና ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ቆቃ ላይ አዋሽን ስንሻገር ፀሐይዋ ጀርባችንን ማሞቅ ጀመረች። ዓለም ጤና ላይ የአንዱ ሞተር ጎማ ተነፈሰ፤ ጎሚስታው ካላማዳሪውን ለጥፎ የጠየቀን ሒሳብ ከጠበቅነው በታች ነበር፤ ሻይም ጋበዘን። መቂ ላይ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቆለለውን ሽንኩርትና ቲማቲም እያየን ‹‹ለካ ሾላ ገበያ የምንጨቃጨቅበት ሽንኩርት እዚህ ነው የሚያድረው›› ተባባልን። በመኪና መስኮት የሚታይ አገርና በሞተር ላይ ሆነው የሚያዩት አገር ለየቅል ነው። ሞተር ላይ የታጨደ ጤፍ ይሸትሃል፤ ብርዱም ሙቀቱም በፊትህ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ሕፃናት ሲጮሁልህ ትሰማለህ።

ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) ስንደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ተሰልፈው ቆመው የአሳ አንጀት ይጠብቃሉ። ቆሮሶ በዳጣ እየበላን የሐይቁን ደሴቶች ከሩቅ አየን፤ ከአምስቱ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም እንዳለ፣ በደሴቶቹ ላይ የዛይ ሕዝብ ለዘመናት እንደኖረ አሳ የሸጡልን እናት ነገሩን። ‹‹እናንተ ልጆች፣ ትምህርት ቤት ይኼን አላስተማሯችሁም?›› አሉን። አስተምረውን ነበር፤ በጥቁር ሰሌዳ።

ከሰዓት በኋላ ላንጋኖ ደረስን። ጠባችን የተጀመረውም እዚያ ነው።

ላንጋኖን ያላያችሁ፣ ውኃው ቡናማ ነው። ከሩቅ የፈሰሰ ሻይ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚወደው ግን ሳይፈራ ስለሚዋኝበት ነው፤ ቢልሃርዝያ የለበትም ይባላል። ሞተራችንን እያንጓጓን ምዕራባዊውን ዳርቻ ተከትለን ስንሄድ ያገኘነው ነገር ሐይቅ ሳይሆን አጥር ነው። አጥር፣ በር፣ ዘበኛ፤ ከዚያ ሌላ አጥር፣ ሌላ በር፣ ሌላ ዘበኛ። አንዱ በር ላይ ቆመን ‹‹የመግቢያውን እንከፍላለን፣ ድንኳን ይዘናል›› አልን። ዘበኛው ከእግር እስከ ራሳችን አዩንና ‹‹ሞተር አይገባም›› አሉ።

‹‹ለምን ጋሼ?››

‹‹ሞተር አይገባም አልኩ እኮ!››

ከመካከላችን አዳማ ያደገው በኦሮምኛ ለማስረዳት ሞከረ። ሰውየው ለሰስ አሉለት፤ መልሱ ግን ያው ነበር። እኛ እየተከራከርን ሳለ ሁለት ላንድክሩዘሮች መጥተው ጡሩምባ ነፉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ማንም ‹‹መኪና አይገባም›› አላላቸውም።

ያን ሌሊት ያደርነው ከአጥሮቹ ወዲያ፣ ሐይቁ አጠገብ በሚኖሩ አንድ ገበሬ ግቢ ነው። ድንኳናችንን ከበረታቸው አጠገብ ተከልን፤ ወተት ሰጡን፤ ገንዘብ ስንሰጣቸው ተቆጡ። ሲነጋ ፀሐይዋ ከአርሲ ተራሮች በላይ ወጥታ ያን ሻይ የመሰለ ውኃ ወርቅ ስታደርገው አየን። አራታችንም ዝም አልን። ይህንን የምናወራላችሁ ልናስቀናችሁ ሳይሆን ያ ንጋት የእኛም ርስት መሆኑን ለመናገር ነው። ስንት ወጣት ነው በዚህ ከተማ ሐይቅ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሳያይ ፀጉሩ የሚሸብተው?

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ሁለተኛው አጥር መጣ። የአዲስ አበባ ምክትል ከንቲባ የነበሩት ታከለ ኡማ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ መታገዳቸውን አስታወቁ። ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። በኋላ ሞተሮች ወደ መንገድ የተመለሱት በፈቃድና በምዝገባ፣ በዋናነትም ለሥራ ነው። ምሳህን እንዲያመጣልህ፣ ዕቃህን እንዲያደርስልህ ሞተረኛው ተፈቀደለት። ሐይቅ ላይ ያ ሞተረኛ ራሱ እንደሚያምረው ግን ማንም አላሰበም።

እንታማ እንደሆነ እንታማ እንጂ እውነቱን እንናገር፤ የዝርፊያው ነገር ውሸት አልነበረም። ከአራታችን አንዷ እዚሁ ሰፈራችን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስልኳን ከጆሮዋ ላይ የነጠቃት ሞተረኛ ነው። ሁለት ሆነው መጡ፣ ነጠቁ፣ በረሩ። እሷ ግን እስከ ዛሬ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ‹‹የሰረቀኝ ሰው ነው፤ ሞተሩማ የት ያውቀኛል?›› አባቶቻችን ይህን በአጭሩ ጨርሰውታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በቪትዝ የሚዘርፍ ሌባ ሲያዝ ቪትዝ አይታገድም። በሽጉጥ የተዘረፈ ባንክ አይዘጋም። ሞተር ሲሆን ግን ሌባውን መያዝ ስለሚከብድ ብረቱ ይታሰራል። በኪጋሊ ሞተረኛው ቁጥር የተጻፈበት ሰደርያ ለብሶ፣ ለተሳፋሪው ሄልሜት ይዞ በጠራራ ፀሐይ በሕግ ይሠራል። ሰሌዳ፣ ምዝገባ፣ ቁጥጥር የሚባለውን ሁሉ እንቀበላለን። የማንቀበለው ሞተር የያዘ ወጣት ሁሉ ንጹሕ መሆኑን ራሱ እስኪያረጋግጥ ድረስ ሌባ ነው የሚለውን ሐሳብ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን እንንገራችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ሁለቱ ተዋናዮች ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ተነሥተው በሞተር እስከ ኬፕታውን ሲጓዙ በአገራችን አልፈዋል፤ ጉዞው የቴሌቪዥን ፊልም ሆኖ ዓለም አይቶታል። ዛሬም ከካይሮ ኬፕታውን የሚጓዙ ነጮች ሞተራቸው ላይ ድንኳን ጭነው ሲያልፉ ‹‹ጀብደኛ››፣ ‹‹ቱሪስት›› ይባላሉ፤ ሕፃናት ያጨበጭቡላቸዋል። ያንኑ ድንኳን የጉርድ ሾላ ልጅ ከጫነው ‹‹አቁም! ምን ይዘሃል? ወዴት ነው?›› ይባላል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው። ጭቃውም ያው ጭቃ ነው። ልዩነቱ የተቀመጠበት ሰው ነው።

‹‹አገርህን እወቅ›› እያሉ ያሳደጉን እኮ እነሱ ናቸው! ‹‹የ13 ወር ፀጋ›› ብለው ፖስተር የለጠፉት፣ ቀጥሎም ‹‹ምድረ ቀደምት›› ያሉት እነሱ ናቸው። ሐይቅ ሲታመም ደግሞ ማንን እንደሚጠሩ ያውቃሉ። እምቦጭ ጣናን ሲወርረው የተጠራው ወጣት ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም የኦሮሚያ ወጣቶች ‹‹ጣና ኬኛ›› ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አረሙን በእጃቸው ነቅለዋል። ውኃ ውስጥ ገብቶ አረም የሚነቅለው ወጣት የሐይቁ ባለቤት ነው ተብሎ ይዘመርለታል፤ ድንኳን ይዞ ለማደር ሲመጣ ግን ‹‹ሞተር አይገባም›› ይባላል።

የሕግ ነገር ከተነሣ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ በአገሪቱ ውስጥ የመዘዋወርን ነፃነት ይሰጠናል፤ አንቀጽ 40 ደግሞ መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የላንጋኖ ዳርቻ ከዚህ ‹‹ሕዝብ›› ከሚባለው ውስጥ ማንን እንደሚያካትት እንዲነገረን እንፈልጋለን። ስዊድን ውስጥ በሕጉ መሠረት ከሐይቅ ወይም ከባሕር ዳርቻ መቶ ሜትር ክልል ውስጥ መገንባት በጥቅሉ ክልክል ነው፤ ዳርቻው የማንም መንገደኛ እንዲሆን። ‹‹እሱ የሀብታም አገር ነው›› የምትሉን እንዳትቸኩሉ፤ ሩቅ ሳንሄድ ሐዋሳ አለች። ፍቅር ሐይቅ ዳር ተማሪውም፣ ሊስትሮውም፣ ሙሽራውም በነፃ ይቀመጣል። ሐይቁ አልፈረሰም፤ ሆቴሎቹም አልከሰሩም።

ሪዞርት አይሠራ አላልንም። ገበታ ለሀገር በ2012 ዓ.ም ሲጀመር ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ የጣና ዳሯ ጎርጎራ ነበረች፤ ሥራ ይፈጥራል፣ ቦታ ያስተዋውቃል፣ ጥሩ ነው። የአንድ ሌሊት አልጋው ግን በእኛ ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። በአልጋውና በአጥሩ መካከል፣ ድንኳን ለሚተክል ሰው የሚሆን ሃምሳ ሜትር ባዶ መሬት ጠፋ ወይ ነው ጥያቄያችን።

‹‹በዚህ ፀጥታ ማን መንገድ ይወጣል?›› የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው። ከዚያች ኅዳር ወዲህ ያለፉት ዓመታት መንገድን የሚያስፈራ ነገር አድርገውታል፤ እናት ልጇን ‹‹ደርሻለሁ በለኝ›› ብላ እንቅልፍ የምታጣበት ዘመን ነው። እኛም ዛሬ ተነሥታችሁ ሂዱ አንልም። ግን ሰላሙ ሲመጣ በሩ ለማን እንደሚከፈት ከአሁኑ ካልተነጋገርን፣ አጥሩ ከጦርነቱ በላይ ዕድሜ ይኖረዋል።

ይህ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ አብያታን ይጠይቅ። ከላንጋኖ ትይዩ ያለው አብያታ ውኃ የሚያገኘው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነው። ላይኛው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የራሱም ውኃ ለሶዳ አሽ ሲቀዳ፣ ሐይቁ በዓይን እየታየ ሸሽቷል። በዓይን ያየው ግን ማን ነው? የአካባቢው አርብቶ አደርና ጥቂት ተመራማሪዎች። የከተማው ወጣት ያላየውን ሐይቅ እንዴት አድርጎ ይጮህለት? ስሙን በጂኦግራፊ ፈተና ብቻ ያወቅነው ውኃ ቢደርቅ የምናጣው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዳሩ አድረንበት ከሆነ ግን የምናጣው ራሳችንን ነው።

ስለዚህ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሞተር እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ ይመዝገብ፤ የግል ሞተረኛ መንጃ ፈቃዱና ሊብሬው እስካለው ድረስ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አያስረዳ። ሁለተኛ፣ በየትልልቁ ሐይቅ ዳር አጥር የማይደርስበት፣ የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው የሚጠብቁት፣ በትንሽ ክፍያ ድንኳን የሚተከልበት መሬት ይተው። ያኔ ወተት የሰጡን ገበሬም ቢያንስ ገንዘባችንን ሳይቆጡ ይቀበሉናል። ሦስተኛው ለእናንተ ነው፣ ለአንባቢዎቻችን፤ ‹‹ለእንደ እኛ ዓይነቱ አይደለም›› የምትሏትን ቃል ተዋት። ለእንደ እኛ ዓይነቱ ነው።

የዕቁቡ ሞተር ከእገዳው በኋላ ተሽጧል። የአጎት ውርስ ግን ዛሬም ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። አንዲት ዶሮ መቀመጫው ላይ እንቁላል መጣል ለምዳለች። እኛም በየእሑዱ ዶሮዋን ‹‹እሽ›› ብለን እናስነሣና ካንዴላውን አውጥተን እንጠርጋለን፣ አንድ ሁለቴ ረግጠን እናስነሣዋለን። እስከ ዛሬ እምቢ ብሎን አያውቅም።