ልጆቻችን እንግሊዝ አገር ቤት ሲገዙ



ልጆቻቸው እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወላጆች ሲያገኙኝ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ቤት አገኘን ካሉን አራት ወር አለፈ፤ ለምን አይገቡበትም? ተታለሉ እንዴ?» ይሉኛል። ባለፈው ዓመት ልጄ ስትወልድ እሷንና ሕፃኑን ለመንከባከብ ሄጄ አምስት ወር ተቀምጬ ነበር። በዚያው ጊዜ ከባለቤቷ ጋር ቤት እየገዙ ስለነበር ነገሩን ከሥር ከሥር ተከታትዬዋለሁ። ይጠቅማችኋል ብዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የሚኖሩት ሉድሎ በምትባል፣ ለዌልስ ድንበር ቀረብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ሕዝቧ ከ10 ሺህ ብዙም አይበልጥም። እንግሊዞች እንዲህ ያሉትን «የገበያ ከተማ» ይሏቸዋል፤ በድሮ ዘመን ገበያ የማቆም መብት የተሰጣቸው ናቸውና። የሉድሎ ገበያ ዛሬም ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ከጥንታዊው ግንብ ደጃፍ ይቆማል። ጡረተኛው ብዙ ነው፤ ሰላምታም አይነፈግም። ልጅ ለማሳደግ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። እንጀራ ግን ከትልቅ ከተማ ያስመጣሉ፤ ለቅዳሴም ሩቅ ይጓዛሉ።

ወደ ቤቱ ጉዳይ ልመለስ። በእኛ አገር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ ሕጉ ያስገድደዋል። በእንግሊዝ ግን ሻጩ «ዋጋችሁን ተቀብያለሁ» ማለቱ ማንንም አያስርም። ነገ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ቢመጣ ወደዚያ መዞር ይችላል፤ ገዢውም ሐሳቡን ቢቀይር አይጠየቅም። (ስኮትላንድ ሌላ ሥርዓት አላት።) ልጆቹ «ቤት አገኘን» የሚሉት ብዙውን ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ ሆነው ነው። ስለዚህ እልልታውን ትንሽ አቆዩት።

ከዚያ በኋላ ባንኩ ብድሩን ይመረምራል፤ ባለሙያ መጥቶ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና እርጥበቱን ያያል፤ ጠበቃ ደግሞ የባለቤትነቱን ማስረጃና የጎርፍ ሥጋቱን ያጣራል። የጎርፉ ነገር ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሉድሎ ውስጥ ጎርፍ ድልድይ አፍርሷል። ሻጩ ራሱ የሚገባበት ሌላ ቤት እየጠበቀ ከሆነ ደግሞ ወረፋው እንደ ሰንሰለት ይረዝማል። ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። ግዴታ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች የተፈረመ ውል ሲለዋወጡ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የዋጋውን አሥር በመቶ ያስይዛል። ቁልፉ የሚሰጠው ቀሪው ገንዘብ የተከፈለ ዕለት ነው።

አሁን ወላጆችን በቀጥታ ወደሚነካው ልምጣ። እዚህ አገር ያለንን ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም በልጆቻችን ስም የምናዞር ብዙዎች ነን። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው እስከ 300 ሺህ ፓውንድ ድረስ የግዢ ታክስ አይከፍልም። ነገር ግን «የመጀመሪያ» የሚባለው በዓለም ላይ የትም ቦታ፣ በውርስም ሆነ በስጦታ፣ ቤት ኖሮት ለማያውቅ ሰው ነው። ባልና ሚስት ሲገዙ የአንዱ መኖር ለሁለቱም ይቆጠራል። በስማቸው ያለው ቤት ዋጋ 40 ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አምስት በመቶ ተጨማሪ ይመጣል። በሒሳብ ልንገራችሁ፦ በ280 ሺህ ፓውንድ ለሚገዛ ቤት የመጀመሪያ ገዢ ምንም አይከፍልም፤ አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ቤት በስሙ ያለው ግን 18 ሺህ ፓውንድ ይከፍላል። ስለዚህ «ለልጄ ደስ ይበላት» ብላችሁ ስም ከማዞራችሁ በፊት ልጆቹ እዚያ ጠበቃ ያማክሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ለእኔም ከባድ ነበር። ልጄ ሁለት ቤት አይታ ነበር። አንዱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ትንሽ ቤት ነው። ሌላው ዳገቱ ላይ ያለ፣ በቅርስነት የተመዘገበ፣ በጣም የሚያምር አሮጌ ቤት፤ ዋጋውም በብዙ ይበልጣል። «ለምን ይሄን መረጥሽ?» ስላት፣ «ለአንቺ ክፍል አለዋ፣ እማዬ» አለችኝ።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። እንዲህ ስትለኝ ሆዴ አልባባም አልላችሁም። ቤቱን ግን በነርስ ዓይን አየሁት። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው፤ መጸዳጃው ፎቅ ላይ ነው፤ የጓዳው ግድግዳ እርጥበት ይሸታል፤ ያ ደግሞ ለሕፃን ደረት አይሆንም። በቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ መስኮት ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ማድረግ በወንጀል ያስጠይቃል። ሙሉ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች 40 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ይርቃሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ለጥየቃ የሚሄድ ሰው አንድ ጊዜ ሲገባ የሚፈቀድለት ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ወላጅን ጠቅልሎ ለመውሰድ ሌላ ቪዛ አለ፤ እሱም የሌላ ሰው የዘወትር እንክብካቤ ካላስፈለገና ያንን እንክብካቤ በአገር ቤት ማግኘት እንደማይቻል ካልተረጋገጠ አይሰጥም። በጥየቃ ቪዛ ሄዶ ሆስፒታል የተኛ ሰውም ከመደበኛው ዋጋ አንድ ተኩል እጥፍ ይጠየቃል።

ይህን ሁሉ አስቀምጬ፣ «ልጄ፣ ያንን ክፍል ከሒሳቡ አውጪው። በዓመት ጥቂት ወር ለምተኛበት አልጋ ሠላሳ ዓመት ዕዳ አትክፈሉ» አልኳት። አለቀሰች። «አንቺን መተው እኮ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። እኔም ማታ ብቻዬን ስሆን አልቅሻለሁ። ትንሹን ቤት ገዙ።

ልጆቻችን አፍ አውጥተው ላይነግሩን ይችላሉ እንጂ ብዙዎቹ ቤት ሲመርጡ እኛን አስበው ነው። ስለዚህ ስንት ክፍል እንዳለው ከመጠየቃችን በፊት የወር ክፍያው ከደመወዛቸው ስንት እንደሚወስድ፣ ቤቱ እርጥበት እንዳለው፣ ሕፃን ሌሊት ቢታመም የት እንደሚወስዱት እንጠይቅ። «ለእኔ ብላችሁ ከአቅማችሁ በላይ አትግዙ» የሚለውን ቃል ግን ቀድመን መናገር ያለብን እኛ ነን። ለአያት ሳሎን ውስጥ የሚነጠፍ ፍራሽ አይጠፋም።