ድሪቶውም ይሰቀል!

ዛሬ በአስተያየት አምዳችን የማነሣው ስለ ወላጆች ቀን የእጅ ሥራ ዐውደ ርእይ ነው። ቀኑ እየደረሰ ስለሆነ ሳይረፍድ ልናገር ብዬ ነው። ጽሑፌን ሳትስቁ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። ሳትስቁ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

አምና ለወላጆች ቀን አንድ መማሪያ ክፍል ተለቆ፣ ዴስኮቹ ወደ ግድግዳ ተጠግተው፣ ከመስኮት እስከ መስኮት ሲባጎ ተወጥሮ የእጅ ሥራ ተሰቅሎ ነበር። ነጠላ፣ ጋቢ፣ የተጠለፈ የትራስ ልብስ፣ የዳንቴል የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ከታች ደግሞ ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ አገልግልና ከጭቃ የተሠሩ በሬዎች ተደርድረው ነበር። አላማረም አልልም፤ ያምር ነበር። ወላጆችም አጨብጭበዋል። እኔ ግን ተረኛ አስተናጋጅ ስለነበርኩ ሰው ሲወጣ ዕቃውን እያነሣሁ አየሁት። ጉዱን ያየሁት ያኔ ነው።

የትራስ ልብሱ ከፊት አበባ ነው፤ ስገለብጠው ጀርባው የክር ጫካ ነው። አንዱ ዳንቴል ኪሮሹ እንደተሰካበት ነው። አንዱ ሰፌድ ጠርዙ ስላልተዘጋ አክርማው ተንጨፍርሯል። አንዱ ጋቢ ጫፉ አልተቋጨም፤ ክሩ እየተተረተረ ወለል ላይ ወድቋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን አንድ የጠረጴዛ ልብስ ነው። የፋብሪካው ምልክት ከነስፌቱ አለበት! «በተማሪዎች የተሠራ» ተብሎ ከፋብሪካ የመጣ ዕቃ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው። የማንን እንደሆነ አልናገርም፤ ዓላማዬ ሰው ማሳፈር አይደለም።

የመጀመሪያው አስተያየቴ ይኸው ነው፦ ሥራ ከመታየቱ በፊት ይለቅ። እኛ በአማርኛ አንድን ጉዳይ ስንጨርስ «ቋጨነው» እንላለን። ቃሉ ከጋቢና ከነጠላ ጋር አብሮ የሚኖር ቃል ነው። ጋቢ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና ጫፉ ክር ነው። ክሩ በጣት እየተገመደ ይቋጫል። ካልተቋጨ ጥለቱ ምንም ቢያምር ከዳር ጀምሮ ይተረተራል። ስንት ቀን የተፈተለ ጥጥ፣ ስንት ቀን የተሸመነ ድርና ማግ በመጨረሻዋ የግማሽ ቀን ስንፍና ይበላሻል። ያልተቋጨ ነገር በኋላ ቁጭት ነው የሚሆነው።

ደግሞ እኛ የደብረ ኤልያስ ልጆች ነን። አገራችን የቅኔ አገር ነው። ደበሎ ለብሰው ከሩቅ የሚመጡትን የቅኔ ተማሪዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከቅኔ ሁሉ አጭሩ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ግን አንዱን ቤት ብቻ ይዞ «የኔታ፣ ሌላውን ነገ እጨምርበታለሁ» ብሎ የሚቀርብ ተማሪ አለ? የለም። ሲያሰላስል ይውላል፤ ቤቱ ሲሞላለት ይቀርባል። የእጅ ሥራም እንደዚያው ቢሆን ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ።

አያቴ ድሪቶ ትሰፋለች። ድሪቶ ማለት እራፊ ጨርቅ እየተደራረበና እየተጣጣፈ የሚሰፋ ልብስ ነው። አንዳንዱ ይለበሳል፣ አንዳንዱ ይነጠፋል። ዓይኗ ስለደከመ ክር በመርፌው ቀዳዳ የማስገባላት እኔ ነኝ። ያለፈው ዓመት ክረምት ዝናቡ ሲያስቀረን አብረን አንድ ድሪቶ ሰፋን። ውስጡ የአባቴ አረንጓዴ የቴትሮን ቁምጣ አለ። የእናቴ ቀሚስ አለ። እኔ አንደኛ ክፍል የለበስኩት ዩኒፎርም አለ። መሐሉ ላይ የሞተው አያቴ ኮት አለ፤ ኪሱን አልፈታችውም፣ እንዳለ ነው የሰፋችው።

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እራፊው መጀመሪያ ይታጠባል፤ ሳይታጠብ ቢሰፋ በኋላ አንዱ ሲሸበሸብ ሌላውን ይጎትተዋል። ከዚያ ወፍራሙ ከወፍራም፣ ስሱ ከስስ አጠገብ እንዲሆን ይመረጣል፤ ወፍራሙ ስሱን እንዳይቀደው ነው። ቀጥሎ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከመሐል ወደ ዳር በመስመር በመስመር ይሰፋል። ከዳር ከተጀመረ መሐሉ ያብጣል። መጨረሻ ላይ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይቀመቀማል፤ የክሩም ቋጠሮ እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል።

እኔ ጠርዙ ላይ ስንደርስ ሰልችቶኝ ነበር። ቶሎ ቶሎ ሰፋሁና «አለቀ» አልኳት። እሷ በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ዳሰሰችው። «ልጄ፣ ፍቺው» አለችኝ። ፈታሁት። እንደገና ሰፋሁት፤ እንደገና አስፈታችኝ። ሦስት ቀን ፈጀብን። «ልብስ የሚያልቀው ከዳር ነው። ሰው ሲስበው የሚይዘው ዳሩን ነው፤ ከመሬት ጋር የሚፋተገው ዳሩ ነው። ዳሩን ያልጠበቀ መሐሉን አያገኘውም» ነበር ያለችኝ።

ድሪቶውን ለዐውደ ርእዩ ይዤው መጣሁ። ሲባጎው ላይ ልሰቅለው ስዘረጋው አንዱ «ድሪቶ አመጣች!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ሳቁ። «ደሀ ደሀ ሸተተ» ያለም ነበር። እኔም ቶሎ ጠቅልዬ ዴስክ ሥር ወሸቅሁት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። ማንም መምህር አላየም፤ ስለዚህ መምህራንን አልወቅስም። ማታ ቤት ስገባ አያቴ «ሰው አየው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ምን አሉ?» ስትለኝ «በጣም አደነቁ» አልኳት። «እሰይ!» ብላ እልል አለች። የዋሸኋት እሷን ነው፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ ከውስጤ አልወጣም።

ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ነገር ካወሩልን በኋላ ነው። በአሜሪካ አገር አላባማ በሚባል ግዛት ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ሴቶቹ በባርነት የተገዙ ጥቁሮች የልጅ ልጆች ናቸው። ቤታቸው ብርድ ስለሚያስገባ ያለቀ የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ እየቀደዱ፣ እየገጣጠሙ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። ልክ እንደ አያቴ ድሪቶ ማለት ነው። በእነሱ አቆጣጠር በ2002 ያ የእርሻ ሱሪ ድሪቶ በሂውስተን ከተማ ትልቅ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ሄዶ ታየ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥራዎቹን በቴምብር ላይ አወጣቸው። የሠሩትም ሴቶች ስም ከሥራቸው ጋር ተጽፎ ነው የታየው። በጃፓንም የድሮ ገበሬዎች ጥፍ በጥፍ እያደረጉ የሰፉት ልብስ ቦሮ ይባላል፤ ዱሮ የሚታፈርበት የነበረው ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ይቀመጣል። እኔም «ታዲያ የእኛ ድሪቶ ለምን ዴስክ ሥር ይውላል?» ብዬ አሰብኩ።

አንዷ ጓደኛዬ ይህን ስነግራት «ድሪቶ እኮ የድህነት ምልክት ነው፤ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ለምን ድህነታችንን እንሰቅላለን?» አለችኝ። ሐሳቧን አልናቅሁትም። እውነት ነው፤ አያቴ ድሪቶ መስፋት የጀመረችው ብርድ ልብስ መግዣ ስላልነበራት ነው። ማንም ሰው ብርድ እንዲመታው አልፈልግም። ሁሉም ሰው አዲስ ብርድ ልብስ ቢኖረው ደስ ይለኛል። ግን እንዲሰቀል የምፈልገው እጦቱን አይደለም፤ ሥራውን ነው። የትኛው ጨርቅ ከየትኛው እንደሚስማማ ማወቅ፣ የማይፈታ ስፌት መስፋት፣ የተጣለን ነገር ዳግም እንዲያገለግል ማድረግ ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ አያሳፍርም።

በአገራችን ባለእጅን መስደብ የቆየ በሽታ ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን እየሰደብን የሸመነውን እንለብሳለን፣ በቀጠቀጠው እናርሳለን፣ በሠራችው እንጋግራለን። ይህ ነገር ልክ አለመሆኑን አፄ ምኒልክ እንኳ አይተው በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። እኛ የተማርን ልጆች ከአዋጁ ወደ ኋላ መቅረት የለብንም። አምና ዐውደ ርእይ ላይ የነበረው የሚያምር ጋቢ ማን እንደሸመነው ያልተጻፈበት ለምን ይመስላችኋል? እኔ ሲመስለኝ ልጁ «የሸማኔ ልጅ» እንዳይባል ፈርቶ ነው። ይህ ያሳዝናል።

ወንዶች ደግሞ «መርፌ የሴት ነው» ትላላችሁ። እስቲ ገበያ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ጥጡን የሚፈትሉት እናቶቻችን ቢሆኑም የሚሸምኑት ወንዶች ናቸው። በሲንጀር ልብስ የሚሰፉልንም ወንዶች ናቸው። ታዲያ የተቀደደ ዩኒፎርምን መጣፍ ለምን ያሳፍራል?

ስለዚህ ለዘንድሮው የወላጆች ቀን ለክበባችንና ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ዓርብ ከሰዓት «የመቋጫ ቀን» ይኑረን። ሁሉም ሥራውን፣ መርፌውንና ክሩን ይዞ ይምጣ። የሚችል የማይችለውን ያግዝ። ክር የሌለው ካለው ይካፈል። መቋጨትና መቀምቀም የሚችሉ ወላጆችም ቢጋበዙ ደስ ይላቸዋል።

2ኛ. በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ወረቀት ይያያዝ። የሠሪው ስም፣ ክፍል፣ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ቀን እንደፈጀና ማን እንዳስተማረው ይጻፍበት። እናት ወይም አያት ካገዘች የእሷም ስም ይጻፍ። ማገዝ ነውር አይደለም፤ ያገዘን ሰው መደበቅ ነው ነውሩ።

3ኛ. የተገዛ ዕቃ አይሰቀል።

4ኛ. ጨርቅ በሚስማር አይሰቀል፤ አምና አንድ ጋቢ ተቀዷል። ከባድ ነገር ከሆነ በጀርባው የላይኛ ጫፍ ላይ እንደ ቀበቶ ማስገቢያ ረጅም ጨርቅ ይሰፋና ቀጭን ዱላ በውስጡ ያልፋል። ዱላው በሁለት በኩል በገመድ ሲንጠለጠል ክብደቱ ይከፋፈላል። ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይሰቀል፤ ሰው ፊቱንም ጀርባውንም ይየው።

5ኛ. ያልጨረሱ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንዳያዝኑ አንድ ጠረጴዛ ለብቻ ይዘጋጅላቸውና «በሥራ ላይ ያለ» ተብሎ ይጻፍበት። ያልተጨረሰን ነገር ያልተጨረሰ ነው ማለት ውሸት የለበትም።

6ኛ. ድሪቶውም ይሰቀል!

ይህን ጽሑፍ ለክበቡ ከመስጠቴ በፊት ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ለአያቴ እውነቱን ነገርኳት። እንደሳቁብኝ፣ ዴስክ ሥር እንደከተትኩት፣ እንደዋሸኋት ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ጠርዙንስ አይተውታል?» አለችኝ።

«አላዩትም» አልኳት።

«እንግዲያው ዘንድሮ ይዩት» አለች።

ሦስት ቀን የፈጀውን ጠርዝ መጥታችሁ እዩልኝ። ገልብጣችሁም እዩት። መዳሰስም ይፈቀዳል፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ብቻ ኑ። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ፤ እንወያይበታለን።

ቸር ይግጠመን!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል