ደረጃው ወዴት ያወጣል?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ከከሚሴ መጥቶ ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ይዤው ገባሁ። በፊልም እንዳየው የፈረንጅ ዩኒቨርሲቲ ባለ ጎቲክ ማማ ሕንፃ ጠብቆ ኖሮ፣ «ይኼማ ቤተ መንግሥት ነው!» አለ።

አልተሳሳተም። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚሁ ነው። በዓመቱ፣ በ1954 ዓ.ም. ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ።

የልጁ ዓይን ያረፈው ግን ጣሊያን ሠርቶት የሄደው ደረጃ ላይ ነው።

«አጎቴ፣ ይኼ ደረጃ ወዴት ነው የሚያወጣው?»

የትም! ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት አንድ እርከን እያለ 14 ደረጃ ካበ። ከነፃነት በኋላ የኛ አንበሳ ሄዶ ጫፉ ላይ ጉብ አለበት። የጉልበተኛ ደረጃ መጨረሻው ይኸው ነው።

ግቢው ከራሳችን ጉልበተኞችስ መቼ ዳነ? በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች ተተኮሰባቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከ40 በላይ መምህራን ተባረሩ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪው የጠየቀው ምን ነበር? ታጣቂ ከግቢያችን ይውጣ፣ የራሳችን ጋዜጣ ይኑረን! መልሱ ዱላ፣ እስርና ጥይት ሆነ።

አሁን ደግሞ «ራስ ገዝ» የሚባል ነገር መጥቷል። አዋጁ የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ተረኛም ይኸው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ቃሉስ ደስ ይላል። ለመሆኑ ግን ራስን መግዛት ማለት ምን ማለት ነው? መምህሩ ያመነበትን የሚያስተምርበት፣ ተማሪው ሳይፈራ የሚጽፍበት ከሆነ እሰየው! ትርጉሙ «ክፈል» ብቻ ከሆነ ግን፣ በቁቤ ፊደል የቆጠረው የከሚሴ ገበሬ ልጅ ሕንፃውን ጎብኝቶ ወደመጣበት ይመለሳል ማለት ነው።

ባለሥልጣኖቻችን ልብ ይበሉ። የድሃ ልጅ የማይወጣው ደረጃ አገርንም የትም አያወጣም!