ድረ ገጹ የማን ነው? የከፋዩ ወይስ የሠሪው?

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ጌዶ እህል የሚነግድ ሰው ሚዛኑን ሳያይ ሒሳብ አይዘጋም። ድረ ገጽ ሲያሠራ ግን በቃል ተስማምቶ፣ ቀብድ ሰጥቶ ሊለያይ ይችላል። ጠብ የሚነሣው በኋላ ነው። ሠሪው ተጨማሪ ዋጋ ሲጠይቅ፣ ነጋዴው «ከፍያለሁ፣ ንብረቱ የኔ ነው» ይላል። እውነት የሱ ነው?

ሕጉ በመሠረቱ ከነጋዴው ጎን ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። ለሥራ አመንጪው የሞራል መብቱ ይቀርለታል፤ ለምሳሌ ስሙ እንዲጠቀስለት መጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ ግን ተቀጣሪ ያልሆነ ባለሙያ በጽሑፍ ካላስተላለፈ መብቱ በአብዛኛው የራሱ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ባለ ዘመድ በኩል ያሠራ ነጋዴ ይህን ይወቅ።

ይሁን እንጂ አዋጁ ለከፋዩ የሚሰጠው ሠሪው ራሱ የፈጠረውን ብቻ ነው። ከሌላ ቦታ የመጣ ፎቶግራፍ፣ ንድፍና ሶፍትዌር የየባለቤቱ ነው፤ ማንም የሌለውን መብት አያስተላልፍም። የድረ ገጹ አድራሻም የቅጂ መብት ጉዳይ አይደለም፤ የሚታየው በማን ስም እንደተመዘገበ ነው። አድራሻውና የይለፍ ቃሉ በሠሪው እጅ ከሆኑ፣ ነጋዴው ቤት ገዝቶ ቁልፉን ያልተረከበ ሰው ነው።

ሠሪዎችም የሚሉት አላቸው። ቀሪ ሒሳብ የሚያስቀር ደንበኛ አለና ቁልፉን እንደ መያዣ የሚይዙበት ጊዜ አለ። አቤቱታው ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ማገት ሳይሆን ውል ነው። ሕጉ «ሌላ ስምምነት» ስለሚፈቅድ፣ መብቱ የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ ሲፈጸም ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል። በዚያው ወረቀት ጽሑፉና ፎቶግራፉ ከየት እንደመጡ፣ አድራሻው በነጋዴው ስም እንደሚመዘገብና የይለፍ ቃሉ የሚሰጥበት ቀን ይግባ።

ጉዳዩ ደላላውንና ባለሀብቱንም ይመለከታል። አምቦ ውኃን የሚያውቅ ሁሉ ስም ከጠርሙስ እንደሚበልጥ ያውቃል፤ የዛሬ ገዢ ደግሞ የድርጅቱን ስም የሚፈልገው በስልኩ ነው። ስለዚህ ድርጅት ሲሸጥ፣ ከንግድ ፈቃዱና ከኪራይ ውሉ ጋር የድረ ገጹ ውል ይጠየቅ። ከሌለ ዋጋው ይቀነስ።