በጥቅምት አንድ አጥንት፣ በጥቅምት አንድ ጾመኛ

ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደየዘመዱ የሚወጣበት ወር ላይ ነን። በዚህ ወር ወደ አገር ቤት ለመሄድ ወይም ቤታችሁ ዘመድ ለመሰብሰብ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የዛሬው ጨዋታ ለእናንተ ነው። ጾመኛው፣ ሥጋ የማይበላውና ሥጋ ወዳዱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት እንዴት ይስተናገዱ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን መልሱን የተማርኩት አፍሬ ነው።

ነገሩ የሆነው ካቻምና በጥቅምት፣ መንዝ መሐል ሜዳ፣ አማቴ ቤት ነው። መሐል ሜዳን የምታውቁ ብርዷንም ታውቃላችሁ፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው እዚያ ተረት አይደለም፤ ማታ ማታ ባና ተከናንቦ እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያምንበት ነገር ነው። እኛም ሃያ ያህል ሆነን ተሰባስበን በግ ታረደ።

ጥቅምት ግን የጽጌ ጾም ወርም ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾመው ይህ ጾም ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም፤ የፈቃድ ጾም ነው። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ የክርስቲያኑ ቤት በሙሉ ስለሚጾም ድስቱ አንድ ዓይነት ነው። በጽጌ ግን እናት ትጾማለች፣ ልጅ ይበላል፤ አንዱ ወንድም ይጾማል፣ ሌላው ጥብስ ይጠብቃል።

አማቴን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጽጌን ከልጅነታቸው ጀምሮ ጾመውታል። እኔም ይህን ስለማውቅ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ሽሮ ሠርቼ ነበር። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከጥብሱና ከቀይ ወጡ ጋር ደረደርኩና «በሉ፣ አንሡ» አልኩ። ገና ሦስተኛው ሰው ሳያነሣ ከቀይ ወጡ የወጣው ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ገባ። ቅቤው ምስሩ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ጎመኑንም አንዱ ልጅ ጥብስ በነካ ማንኪያ ቀላቅሎታል። ሽሮው ደግሞ ለሃያ ሰው አልበቃ ብሎ አልቋል፤ ሥጋ የሚበሉትም ወደውት ነበርና።

እማማ አዩ፤ ምንም አላሉም። «እኔ ጠግቤአለሁ ልጄ» አሉና ቆሎ ዘግነው ምድጃው ዳር ተቀመጡ። ማታ ባለቤቴ «እናቴ ዛሬ ምን በላች?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። በቤታቸው፣ በበጋቸው፣ በእንጀራቸው ድግስ ደግሰን የቤቱን ባለቤት ጦማቸውን አሳደርናቸው።

ልጆቹ ያመጡት ሐሳብ

አምና እንደገና ልንሄድ ስንዘጋጅ ልጆቼ አንድ ሐሳብ አመጡ። አዲስ አበባ ውስጥ በጓደኛቸው ልደት ታኮ በልተው ስለነበር «እማማ ጋ ታኮ እናድርግ» አሉ። ታኮ የሜክሲኮዎች ምግብ ነው። ከበቆሎ በተጋገረ ስስ ቂጣ ላይ ሥጋ ወይም ቦሎቄ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ይደረግበትና ታጥፎ በእጅ ይበላል። ለግብዣ ሲሆን ቂጣው በአንድ በኩል፣ ማባያው በየሳህኑ ይቀርብና እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን ራሱ ይሞላል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ለካ የልጆቹ ሐሳብ የእኔን ስሕተት የሚያርም ነው። ከአንድ ገበታ አብሮ መቁረስ ደስ ይላል፤ ጾመኛና በሊታ በተቀላቀሉበት ቀን ግን የአንዱ እጅ የሌላውን ያገድፋል። በታኮ አቀራረብ ቂጣው የየራስ ነው። ጨዋታው የጋራ፣ ጉርሻው የየራስ ይሆናል ማለት ነው።

መንዝ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቶታል። የገብስና የባቄላ አገር ነው። የገብስ ዱቄት ብቻውን ቂጣው ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ግማሽ የስንዴ ዱቄት ሲቀላቀልበት ግን ይለሰልሳል። ለሃያ ሰው 3 ኪሎ ዱቄት በቂ ነው፤ የእጅ መዳፍ ተዘርግቶ የሚያህል 60 ያህል ስስ ቂጣ ይወጣዋል። እንደተጋገረ ትኩሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሞሰብ ክደኑት፤ እንፋሎቱ አለስልሶ ያቆየዋል።

መሠረቱ የጾም ይሁን

የዛሬው ዋና ምክሬ ይህ ነው። ድግሱን በሥጋ ጀምራችሁ ለጾመኛው «አንድ ሁለት ነገር» አትጨምሩ። መሠረቱን በሙሉ በጾም ሥሩ፣ ሥጋውን፣ አይቡንና ቅቤውን መጨረሻ ላይ ለሚፈልግ አቅርቡ። የጾሙን ምግብ ሁሉም ሰው ይበላዋል፤ የፍስኩን የሚበላው ግን ከፊሉ ነው። ስለዚህ የጾሙ መጠን መሠላት ያለበት በጾመኞቹ ልክ ሳይሆን በጠቅላላው ሰው ልክ ነው። ካቻምና ሽሮው ያለቀብኝ ይህን ስላላወቅሁ ነው።

አምና ከእኛ ጋር የአዲስ አበባ ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ የጓሳን ጭላዳ ዝንጀሮ ለልጆቻቸው ሊያሳዩ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። ከውጭ አገር የመጣች የባለቤቴ የእህት ልጅም ነበረች፤ ጾመኛ ሳትሆን ዓመቱን ሙሉ ሥጋ የማትበላ። እኛ የክርስቲያን እርድ፣ እነሱ የሙስሊም እርድ፣ እሷ ምንም፣ እማማ ጾም። አራት ዓይነት እንግዳ መሆኑ ነው። አራቱንም ያለ ጭንቀት ያስተናገደው የጾሙ ማዕድ ነው። ለሙስሊም እንግዶቻችሁ ሥጋ ማቅረብ ከፈለጋችሁ ግን እርዱም፣ ቢላዋውም፣ ድስቱም ለብቻው ይሁን፤ ከዚያ በፊትም ጠይቋቸው።

ሥጋ የማይበላና ጾመኛ አንድ እንዳልሆኑም ልብ በሉ። የእህታችን ልጅ አይብና እንቁላል ትበላለች፤ በሥጋ መረቅ የተሠራ ሩዝ ግን አትነካም። እማማ ቅቤና ወተት የነካውን ሁሉ አይቀምሱም፤ ማር ግን ለጾም ይፈቀዳል። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይበሉ ሰዎች ደግሞ ማሩንም ይተዋሉ። ዓሣ በጾም የሚበላም አለ፣ የማይበላም አለ። ስለዚህ ከሦስት ቀን በፊት ስልክ ደውላችሁ «ምን ትበላላችሁ?» ብቻ ሳይሆን «ምን አትነኩም?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምን ምን ይቅረብ?

የጾሙ ሳህን ሥጋውን የሚያስንቅ ነገር ካልያዘ ጾመኛው የተረሳ ይመስለዋል። እኛ ያቀረብነው ይህን ነው።

ባቄላ፦ 1 ኪሎ ተኩል ደረቅ ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ተቀቅሎና ተፈጭቶ፣ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በከሙን የተዋዛ። ቂጣውን የሚይዘው እሱ ነው።

አዚፋ፦ 1 ኪሎ ድፍን ምስር፣ በሰናፍጭ፣ በሎሚ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ።

የእንጉዳይ ጥብስ፦ እንጉዳዩን ከአዲስ አበባ ይዘን ሄድን። በጋለ መጥበሻ በጥቂት በጥቂቱ፣ በሮዝመሪና በቃሪያ ጠበስነው። አንድ ላይ ከተከመረ ውኃ ያወጣና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጾመኛውም ጥብስ ጥብስ የሚሸት ነገር እንዲያገኝ ይህን አትተዉ።

ጎመንና ድንች፦ ጎመኑ በዘይትና በዝንጅብል፣ ድንቹ በእርድ።

ማጣፈጫ፦ የቲማቲም ሰላጣ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ዳጣ፣ አቮካዶ፣ ሎሚ። ስልጆ ካማራችሁ እንዲብላላ ቀናት ስለሚፈልግ አስቀድማችሁ ጣሉት፤ ወይም አገር ቤት ያሉትን እናቶች ለምኑ።

ፍስክ፦ በትንንሹ የተከተፈ የበግ ጥብስ፣ አይብ፣ ለጋ ቅቤ። የመንዝ በግ አካሉ ትንሽ ነው፤ ሥጋው በትንሹ ተከትፎ በቂጣ ሲበላ ግን አንድ በግ ለብዙ ሰው ይዳረሳል።

ለቡና ቁርስ ጭኮ ብታቀርቡ ቅቤ እንዳለበት አትርሱ። ለጾመኛው በሶውን በማር አሹለት። ወቅቱ የባቄላ እሸት የሚገኝበት ስለሆነ እሸት ጥብስም ለሁሉም ይሆናል።

ደጋ ላይ ስትሠሩ

ከቆላ ወይም ከከተማ ሄዶ መንዝ ላይ የሚያበስል ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ፤ ባቄላው አልበስል ይላል። ጥፋቱ የባቄላው አይደለም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ 3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳት ብትጨምሩ ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። መፍትሔው ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ከተገኘ በፕሬዠር ድስት መቀቀል፣ ካልሆነም ጊዜ መስጠት ነው። ሎሚና ቲማቲም እህሉ ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር ባቄላውን ያጠነክረዋል።

እጅና ዕቃ

የጾሙ ምግብ በሙሉ ቀድሞ ይሠራ፤ ተከድኖም ይቀመጥ። ሥጋው ከዚያ በኋላ ይጀመር። የእንጨት ማማሰያ ቅቤ ይጠጣል፣ ታጥቦም ይሸታል፤ ስለዚህ ሁለት ይኑራችሁ። መክተፊያና ቢላዋም እንዲሁ። በማዕዱ ላይ እያንዳንዱ ሳህን የራሱ ማንኪያ ይኑረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጾሙና ፍስኩ በአንድ ጠረጴዛ አይቀመጡ። እኛ ጾሙን ሳሎኑ መሐል፣ ጥብሱን በር አጠገብ በሌላ ጠረጴዛ አደረግን። ሰው ቂጣውን በጾሙ ይሞላል፣ ሥጋ የሚፈልግ ወደ በሩ አልፎ ይጨምራል፤ ከዚያ ተመልሶ ማንሣት የፈለገ ሳህን ይቀይራል። ሕጉን ለልጆቹ ነገርናቸው፤ ከትልልቆቹ ይልቅ ያስከበሩትም እነሱ ናቸው።

ቀኑንም ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ አይሁን። በጽጌ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ስለሚቀምስ ለምሳ ግብዣ እሑድ ይመቻል። መጠበቅ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ከኅዳር 6 እስከ 14 ያሉት ቀናት አሉላችሁ። ጽጌ ያበቃል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ በመካከል ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይጾማሉ።

እማማ ምን አሉ?

አምና እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እማማን መጀመሪያ አስነሣናቸው። ገና ማንም እጁን ሳያስገባ ማለት ነው። ቂጣውን አገላብጠው አዩትና «ይኸማ የእኛው ቂጣ ነው፤ ምን ብላችሁ ነው ስም የቀየራችሁለት?» ብለው ሳቁ። ባቄላ፣ አዚፋና እንጉዳይ አድርገው አጠፉት። እንጉዳዩን ሲቀምሱ ዞር ብለው አዩኝ፤ «ሥጋ አይደለም አይደል?» አሉ። አይደለም አልኳቸው። ሁለተኛ አነሡ።

ከዚያ ሦስተኛውን ጠቀለሉና ልጃቸውን፣ ባለቤቴን ጠሩት። በዚያ ቀን ጥብስ የበላ ሰው እማማን ማጉረስ አይችልም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ማጉረስ ይችላሉ። መጀመሪያ ባለቤቴን፣ ቀጥሎ የእህታችንን ልጅ፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቻችንን ልጆች አጎረሱ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ። ካቻምና ስላደሩበት ቆሎ እሳቸው አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።